ከማዕድ እስከ ማኅበረሰብ፦ የ«ማገልገል» ትርጉሞችና ለጥናት ያላቸው አንድምታ

መግቢያ

«አገልግሎት» በዛሬው የአማርኛ የጥናት ቋንቋ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። የጤና አገልግሎት፣ የባንክ አገልግሎት፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይባላል። ብዙ ጊዜ የዋለ ዕቃ እንኳ «ያገለገለ» ይባላል። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚያስከብረውንም ዝቅ የሚያደርገውንም ሥራ በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ ሳይበየን ወደ መጠይቅ ሲገባ መልሱን ሊያዛባ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የቃሉንና የዘመዶቹን ትርጉም በማዕድ፣ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም በዘመናዊ ተቋማት ይመረምራል።

በማዕድ ዙሪያ

ምግብ ማቅረብን በተመለከተ አማርኛ በአንድ ጥቅል ቃል አልተወሰነም። በድግስ ላይ እንጀራና ወጥ የሚያዞረው፣ ጠላና ጠጅ የሚቀዳው «አሳላፊ» ነው፤ ስሙ «ማሳለፍ» ከሚለው ግሥ የመጣ በመሆኑ ትኩረቱ ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፈው ነገር ላይ ያርፋል። በሆቴል ግን ይኸው ሥራ የ«አስተናጋጅ» ነው። ይህ ስም ከ«እንግዳ» ጋር በሥር ስለሚዛመድ ትኩረቱን ወደ ተቀባዩ ሰው ያዞራል። ቃሉ ከምግብ አልፎ ወደ ቢሮ የገባውም በዚሁ ትርጉሙ ነው፤ ባለጉዳይም እንደ እንግዳ «ይስተናገዳል»።

የ«ጉርሻ» ነገር ደግሞ አቅጣጫን ያሳያል። በቤት ውስጥ ጉርሻ አክባሪው ለሚያከብረው ሰው በእጁ የሚያጎርሰው ነው። በሆቴል ግን ተመጋቢው ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ጉርሻ ይባላል። ስሙ ሳይለወጥ ሰጪና ተቀባይ ቦታ ተለዋውጠዋል።

በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን

በግዕዝ «ገብረ» ሠራ፣ አደረገ ማለት ሲሆን «ገብር» አገልጋይ ወይም ባሪያ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ግብር» ሥራንም፣ ለመንግሥት የሚከፈለውንም፣ በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚበላውንም ድግስ ይጠራል። ገበሬው ግብር ያስገባል፤ ጌታው ግብር ያበላል። ስለዚህ የማዕዱ ለጋስነትና የገባሩ ድካም በአንድ ቃል ተሳስረዋል። በሌላ በኩል ገብረ ማርያም፣ ገብረ ክርስቶስ በሚሉት ስሞች ያው «ገብር» ክብር ነው። ከዚህ የሚታየው፣ የአገልጋይነት ክብር የሚመዘነው በሥራው ዓይነት ሳይሆን በሚገለገለው አካል ማንነት መሆኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ ታሳያለች። «ዲያቆን» ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን አገልጋይ ማለት ነው፤ በማዕድ የሚያገለግለውንም ይጨምራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት በዕለት ምግብ እደላ መበለቶች ችላ ተብለዋል የሚል ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ነበር። በቅዳሴ የሚያገለግሉት «ልኡካን» ደግሞ የሚጠሩት መላክን በሚያመለክት ሥር ነው። በዚህ አገላለጽ አገልጋይ የተላከ ሰው እንጂ ዝቅ ያለ ሰው አይደለም።

በዘመናዊ ተቋማት

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲሠሩ ተደርጓል፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ተመድበዋል። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ስሙን የወሰደው ከጦር ሜዳ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ግዴታ ነበሩ። የዛሬው «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ግን ፈቃድን በስሙ ውስጥ ያውጃል። ፈቃዱ በተግባር መኖሩ ለተመራማሪው ገና የሚጣራ ጥያቄ ነው።

በመንግሥት አስተዳደር ረገድ ሕጉ «የመንግሥት ሠራተኛ» ሲል፣ የፖለቲካ ንግግር «የሕዝብ አገልጋይ» ይላል። የመጀመሪያው ደመወዝና መብት ያለውን ሰው፣ ሁለተኛው ዕዳ ያለበትን ሰው ያስታውሳል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአንድ ማዕከል የመንግሥት አገልግሎት «መሶብ» መባሉ ደግሞ የማዕዱን ሥዕል ወደ ቢሮው መልሶ አምጥቶታል።

የቃሉ ክብደት ጎልቶ የሚታየው ግን በቤት ውስጥ ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓል። በመሆኑም በሆቴል ምግብ የምታቀርብ ሴት በአዋጁ ትሸፈናለች፤ በግለሰብ ቤት ያንኑ ምግብ አብስላ የምታቀርበው ግን አትሸፈንም። የሥራ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ጥያቄ እዚህ ላይ ከቃል ብያኔ ጋር ይገናኛል።

ለተመራማሪዎች ያለው አንድምታ

ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሦስተኛ ተልእኮ አድርገው ይቆጥራሉ። «የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰጥተው ያውቃሉ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «የለም» ልትል ትችላለች። ያችው እናት ግን በየለቅሶው ቤት ስታበስል፣ በዕድር ተራዋ ውኃ ስትቀዳ፣ የታረሰች ጎረቤት ስትጠይቅና ገንፎ ስታገነፋ ኖራ ይሆናል። እርሷ ይህን ወግ ወይም ብድር መመለስ ትለዋለች እንጂ አገልግሎት አትለውም። ስለዚህ መጠይቁ ጥቅል ስሙን ትቶ ድርጊቶቹን በየስማቸው ሊዘረዝር ይገባል።

ከዚህም ጋር ሦስት ነጥቦች ተለይተው መመዝገብ አለባቸው፤ የሚያገለግለው ማን ነው፣ የሚገለገለው ማን ነው፣ የሚያገለግለውስ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሥራውን አቅጣጫ ያሳያሉ። ሦስተኛው በጎ ፈቃድን ከግዴታ ይለያል፤ በ«አገልግሎት» ስም የተሸፈነ ጫና ካለም የሚገለጠው በዚሁ ጥያቄ ነው።