ልጃቸው ለራቀባቸው ወላጆች

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ስላለው ስለ ጠፋው ልጅ ብዙ ጊዜ ተምረናል። ስንማር ግን ሐሳባችን ሁሉ በልጁ ላይ ነው፤ ልጁ በሩቅ አገር ሳለ አባቱ ሌሊቱን እንዴት ያድር እንደ ነበር ጠይቀን አናውቅም።

ይህን ለማንሣት ምክንያት አለን። አብሮን ይዘምር የነበረ አንድ ወንድማችን ከቤተ ክርስቲያን ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቱ ዛሬም ቦታቸውን ሳይለቁ ያስቀድሳሉ። እኛ ግን ምን እንላቸዋለን ብለን በሌላ በር እንወጣለን። እንዲህ ያለች እናት ኀዘኗ እጥፍ ነው፤ ልጇም ይርቃታል፣ ሰውም «አሳዳጊው ማን ነበር?» እያለ ያማታል።

ከ1,600 ዓመታት በፊት፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር፣ ሞኒካ የምትባል እናት ይህንኑ አይታለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ354 ዓ.ም. የወለደችው አውግስጢኖስ፣ በካርቴጅ ሲማር በ19 ዓመቱ ገደማ የማኒን ትምህርት ተቀበለ፤ 9 ዓመት ያህልም በዚያው ቆየ። ሞኒካ መጀመሪያ ተቈጥታ ከማዕዷ ከለከለችው። በኋላ ግን በሕልሟ እርሷ በቆመችበት እንጨት ላይ ልጇም ቆሞ አየችና ወደ ቤቷ መለሰችው። ልብ በሉ፤ ልጁ ገና ሐሳቡን አልለወጠም ነበር። ሕልሙንም እናቱ ወደ እርሱ ትምህርት እንደምትመጣ አድርጎ ሲፈታው፣ የተነገራት እርሱ ወደ እርሷ እንደሚመጣ እንጂ እርሷ ወደ እርሱ እንደምትሄድ አለመሆኑን ወዲያው መለሰችለት። ከሕልሙ ይልቅ ይህ መልሷ ልቡን እንደ ነካው አውግስጢኖስ ራሱ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል።

ከዚያም አንድ ጳጳስ ልጇን ተከራክረው እንዲመልሱላት ለመነች። እርሳቸውም በልጅነታቸው በማኒ ትምህርት ያደጉ፣ ማንም ሳይከራከራቸው መጽሐፎቹን አንብበው ስሕተቱን በራሳቸው የደረሱበት ነበሩና፣ ልጁን ትታ እንድትጸልይለት ብቻ መከሯት። እኛ ክርክር የምንወድ ወጣቶች ይህ ምክር ይከብደናል።

በ383 ዓ.ም. አውግስጢኖስ ወደ ሮም ሊሻገር ተነሣ። እናቱ አልለቅህም ብትለው፣ ወዳጅ ልሸኝ ነው ብሎ አታለላት፤ እርሷ በወደቡ አቅራቢያ ባለ ጸሎት ቤት ስታለቅስ ስታድር በመርከብ ሄደ። ያን ሌሊት የለመነችው እንዳይሄድ ነበር። ነገር ግን ወደ ሚላኖ ደርሶ የአምብሮስዮስን ስብከት የሰማው በዚያ ጉዞ ነው። እርሷም ባሕር ተሻግራ ተከተለችው። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በሚላኖ ሲጠመቅ 32 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሞኒካ በ56 ዓመቷ ዐረፈች።

የሁሉም ወላጅ ልጅ እናቱ በሕይወት ሳለች ይመለሳል ልንል አንደፍርም። ማዕዱ ግን ቀድሞ ተመልሶለት ነበር።

ባለፈው እሑድ በሌላ በር መውጣቱን ትተን የወንድማችንን እናት ሰላም አልናቸው። ልጃቸው ቅዳሜ ማታ እየመጣ ራት እንደሚበላ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን አንሥተውበት እንደማያውቁ ነገሩን። ለመጪው ቅዳሜ እኛንም ጠርተውናል። ሄደን ስብከት እንዳንጀምር ተስማምተናል።