ኮማ ሁሉ ድንበር አይደለም

ጥያቄ፦ የሲኤስቪ ፋይልን እንደ ሠንጠረዥ የሚያነብ ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። መስመሩን በኮማ ስከፍለው አንዳንዱ ረድፍ ይዛባብኛል። የማሻሻያ ትእዛዝስ ልጨምርበት?

መልስ፦ አድራሻው "ቦሌ, አዲስ አበባ" ተብሎ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ከተጻፈ ኮማው የመረጃው አካል ነው፤ አዲስ መስመርም እዚያው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ ጥቅሱ መዘጋቱን ሳያዩ ረድፉን አይቁረጡ። የኤስኪውኤል ተንታኝ ከዜሮ መጻፍ ግን ከንቱ ድካም ነው። ኤስኪውላይት በምናባዊ ሠንጠረዡ ይሸከምልዎታል፤ ከእርስዎ በዋናነት የሚፈልገው ቀጣዩን ረድፍና የዓምዱን ዋጋ ነው።

ማሻሻያው ላይ አይቸኩሉ። «አለሙ»ን «አለማየሁ» ብለው ቢያርሙ በዩቲኤፍ-8 6 ባይት ይጨምራል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ይገፋል። አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ስም መተካት ይሻላል። ፖስትግሬስ በ2011 እ.ኤ.አ. ያመጣው ፋይል አንባቢ እንኳ መጻፍ አይፈቅድም።