ስለ ራጅ ብዛትና ዘልቆ የመግባት ኃይል፤ በፊተኞቹ መሣሪያዎች እንዴት ይለካና ይገራ እንደ ነበረ

(በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩፤ ራጅ ምንድር ነው?

ራጅ በዓይን የማይታይ የብርሃን ወገን ነው። የፀሓይ ብርሃን በመስታወት በኩል ያልፋል፤ በእንጨት መዝጊያ በኩል ግን አያልፍም። ራጅ ግን እንጨቱንም ልብሱንም የሰውንም ሥጋ ዘልቆ ያልፋል። አጥንት ሲያገኝ ብዙው ይቀራል፤ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ሲያገኝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይገታል። ስለዚህ የሰው እጅ በራጅና በፎቶግራፍ መስታወት መካከል ቢቀመጥ፥ የሥጋው ጥላ ሣሣ ብሎ የአጥንቱ ጥላ ጎልቶ ይታተማል። ሐኪም የተሰበረውን አጥንትና የገባውን ጥይት ሥጋ ሳይቀድድ ለማየት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ብርሃን ያገኘው ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የሚባል የጀርመን አገር ሊቅ ነው። በቩርዝቡርግ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሳለ፥ በኖቬምበር 8 ቀን 1895 ዓመት በጥቁር ወረቀት በተሸፈነ የብርጭቆ አምፑል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፥ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ባሪዩም ፕላቲኖሲያናይድ በሚባል ጨው የተቀባ ሠሌዳ ሲያበራ አየ። ከዚያም በኋላ በዲሴምበር 22 ቀን የሚስቱን እጅ በዚህ ብርሃን ፎቶግራፍ አነሣ። ጠባዩ ገና ያልታወቀ ስለ ነበረ ኤክስ ብሎ ሰየመው። በ1901 ዓመትም የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለእርሱ ተሰጠ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር በዓለም ተሰማ። በ1896 ዓመት ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የኢጣልያ ጦር ሐኪም በናፖሊ የወታደር ሆስፒታል፥ በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱትን የሁለት ወታደሮች ክንድ በራጅ አይቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከጠቀመባቸው ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

፪፤ ብዛትና ዘልቆ የመግባት ኃይል ልዩ ልዩ ናቸው

ተማሪ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ይህ ነው። የራጅ ብዛት አንድ ነገር ነው፤ ዘልቆ የመግባት ኃይሉም ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

ምሳሌውም እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች በማማ ላይ ሆነው እህል ይጠብቃሉ። አንዱ ልጅ ጠጠር በእፍኙ እያፈሰ ይበትናል፤ ጠጠሩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በማሽላው ቅጠል ላይ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ልጅ አንዲት ድንጋይ በወንጭፍ አዙሮ ይለቃል፤ ድንጋዩ አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉን በስቶ ያልፋል። የፊተኛው ብዛት አለው፤ ኃይል የለውም። የሁለተኛው ኃይል አለው፤ ብዛት የለውም።

ራጅም እንደዚሁ ነው። ጥቂት ኃይል ያለው ራጅ ለስላሳ ይባላል፤ ብዙ ኃይል ያለው ጠንካራ ይባላል። ለስላሳው በቆዳና በሥጋ ውስጥ ይቀራል። ጠንካራው ሥጋንም አጥንትንም አልፎ ይሄዳል። እጅግ ለስላሳ በሆነ ራጅ ፎቶግራፍ ቢነሣ፥ ሥጋውም አጥንቱም ብርሃኑን ስለሚገቱት አይለዩም። እጅግ ጠንካራ በሆነም ቢነሣ፥ አጥንቱም እንደ ሥጋው ስለሚያሳልፍ ሥዕሉ ሁሉ ደብዝዞ ይቀራል። እንግዲህ ለቀጭኑ እጅ ለስለስ ያለ፥ ለወፍራሙ ወገብ ጠንከር ያለ ያስፈልጋል። ብዛቱ ደግሞ ሥዕሉ እንዲጠቁር ወይም እንዲነጣ ያደርጋል።

፫፤ የፊተኛው አምፑል አሠራር

የፊተኛው የራጅ አምፑል እንደ ቅል የከበበ የብርጭቆ ዕቃ ነበረ። በውስጡም ካቶድና አኖድ የሚባሉ ሁለት ብረቶች ተሰክተዋል። ካቶዱ እንደ ጽዋ ጎድጎድ ያለ የአሉሚኒዩም ሳሕን ነው። በፊቱም ዘንበል ብሎ የተቀመጠ የፕላቲን ሰሌዳ አለ። የአምፑሉ አየር በመኪና ተመጥጦ ይወጣል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይወጣም፤ እጅግ ጥቂት ይቀርለታል።

ኤሌክትሪክ በብዙ ግፊት ወደ አምፑሉ ሲላክ፥ የቀረው ጥቂት አየር ወደ ካቶዱ ይገፋና ኤሌክትሮን የሚባሉትን እጅግ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ከካቶዱ ያስወጣል። ኤሌክትሮኖቹም በፍጥነት በርረው ፕላቲኑን ይመታሉ። ከዚህ መመታት ራጅ ይወለዳል። ከኃይሉ ግን ራጅ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ይሆናል።

የኤሌክትሮኖቹ ብዛት የራጁን ብዛት ይወስናል። የፍጥነታቸው መጠን፥ ይኸውም የኤሌክትሪኩ ግፊት፥ የራጁን ዘልቆ የመግባት ኃይል ይወስናል። ግፊቱ ከፍ ሲል ብዛቱም አብሮ ይጨምራል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በፊተኛው አምፑል ሁለቱንም የሚያዝዘው ያው የቀረው ጥቂት አየር ነበረ። አየሩ በዛ ያለ እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፤ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ራጁም ለስላሳ ይሆናል። አየሩ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ በጭንቅ ያልፋል፤ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ራጁ ጠንካራ ይሆናል፤ ፍሰቱ ግን ይቀንሳል። ሠራተኛው አንዱን ሲያርም ሌላው ይበላሽበት ነበረ።

ደግሞም አየሩ ባለበት አይጸናም። አምፑሉ በሠራ ቁጥር አየሩ በብርጭቆውና በብረቱ ውስጥ እየተቀበረ ያልቃል፤ ስለዚህ አምፑሉ ባረጀ መጠን እየጠነከረ ይሄዳል። ብረቱ አብዝቶ ሲሞቅ ደግሞ የዋጠውን አየር መልሶ ይተፋል፤ አምፑሉም በድንገት ይለሰልሳል። አንድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳያልቅ የራጁ ጠባይ ይለወጥ ነበረ። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ አምፑል በመደርደሪያ አስቀምጠው፥ ይህ ለእጅ፥ ይህ ለደረት፥ ይህ ለወገብ እያሉ ይለዩ ነበረ።

፬፤ የመግሪያው ብልሃት

የሠራተኛው አንደኛ መሣሪያ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያበዛና የሚያሳንስ መዘውር ነው። በዚህ የራጁን ብዛት በመጠኑ ያርማል።

ሁለተኛው ብልሃት አየር መመለስ ነው። በአምፑሉ ጎን ትንሽ የብርጭቆ ቀንድ ይቀጠላል፤ በውስጡም ሲሞቅ አየር የሚተፋ ነገር፥ እንደ አስቤስቶስ ወይም እንደ ሚካ ያለ፥ ይደረጋል። አምፑሉ ሲጠነክር ያን ቀንድ ጥቂት ቢያሞቁት አየር ገብቶ ይለሰልሳል። በሌላ አሠራር ደግሞ አምፑሉ ከመጠን በላይ ሲጠነክር ኤሌክትሪኩ ራሱ በብልጭታ ወደዚያ ቀንድ ዘልሎ ያሞቀዋል።

ቪላር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ደግሞ ሌላ ጥበብ አወጣ። የፓላዲዩም ብረት ቀጭን ቱቦ ከአምፑሉ ጋራ አያያዘ። ይህ ብረት በነበልባል ሲግል ሃይድሮጅን የሚባለውን አየር ብቻ ያሳልፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይዘጋል። ሆኖም አብዝቶ ያሞቀ ሰው አምፑሉን ከመጠን በላይ ያለሰልሰዋል፤ በውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል፤ ለሥራም አይሆንም።

፭፤ እንዴት ይለካ ነበረ?

አንደኛው መለኪያ ብልጭታ ነው። ሁለት የሾሉ ብረቶች ከአምፑሉ ውጭ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ኤሌክትሪክ የቀለለውን መንገድ ይመርጣልና አምፑሉ የጠነከረ እንደ ሆነ በአምፑሉ ማለፍን ትቶ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይዘልላል። ብልጭታው የሚዘልለው ርቀት በረዘመ መጠን አምፑሉ ጠንካራ መሆኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ልማድ ግን አሳዛኝ ነበረ። ብዙ ሠራተኞች የአምፑሉን ጠባይ ለማወቅ የገዛ እጃቸውን በአምፑሉና በሚያበራው ሠሌዳ መካከል አስገብተው የአጥንታቸውን ጥላ ይመለከቱ ነበረ። አጥንቱ እጅግ ቢጠቁር ለስላሳ ነው፥ ቢደበዝዝ ጠንካራ ነው ይላሉ። ይህንም በየቀኑ ብዙ ጊዜ ያደርጉታል። ራጅ ሲነካ አያቃጥልም፤ አያምም፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ከቀናት በኋላ፥ አንዳንዱም ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም አልፈራም።

በአሜሪካ አገር ክላረንስ ዳሊ የሚባል ሰው በቶማስ ኤዲሰን የምርምር ቤት ሲሠራ እጁን እንዲህ እያደረገ አምፑል ይፈትን ነበረ። እጁ ቆሰለ፤ ቁስሉም ወደ ካንሰር ተለወጠ፤ ሁለቱም ክንዶቹ ተቆረጡ፤ በ1904 ዓመትም ሞተ። ኤዲሰንም የራጅን ሥራ ተወ። በ1936 ዓመት በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ፥ በራጅና በራዲዩም ሥራ ለሞቱ ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆም 169 ስም ተጽፎበት ነበረ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ስሞች ተጨምረዋል።

በሰው እጅ ፈንታ የሚያገለግል መለኪያ በ1902 ዓመት ቤኑዋ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ሠራ። በመካከሉ ውፍረቱ 0.11 ሚሊሜትር የሆነ የብር ገበታ አለ። በዙሪያውም ከ1 እስከ 12 ሚሊሜትር እየወፈረ የሚሄድ አሥራ ሁለት የአሉሚኒዩም ደረጃ አለ። የብሩ ጥላ ራጁ ቢለሰልስም ቢጠነክርም ብዙ አይለወጥም፤ የአሉሚኒዩሙ ጥላ ግን እጅግ ይለወጣል። ሠራተኛው የብሩን ጥላ የሚመስለው የትኛው ደረጃ እንደ ሆነ አይቶ ቁጥሩን ይጽፋል። ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ራጁ ጠንካራ ነው።

የዚህን መለኪያ ጥበብ አስተውሉ። አሉሚኒዩሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፥ ብዛቱ የጨመረ ራጅ ኃይሉ የጨመረ ይመስል ነበረ። ብሩ ከመካከል ስላለ ግን፥ ብዛቱ ሲጨምር ሁለቱም አብረው ይደምቃሉ፤ ንጽጽሩም አይለወጥም። ስለዚህ መሣሪያው ብዛትን ትቶ ኃይልን ብቻ ይለካል። ብዛቱን ለመለካት ደግሞ ሳቡሮና ኑዋሬ የሚባሉ ሐኪሞች በ1904 ዓመት ራጅ ሲያገኘው ቀለሙ የሚለወጥ ትንሽ ክብ ቅጠል አወጡ።

፮፤ ሁለቱ የተለያዩበት ጊዜ

በ1913 ዓመት በአሜሪካ አገር በስኬነክታዲ ከተማ፥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሚሠራ ዊልያም ኩሊጅ የሚባል ሊቅ አዲስ አምፑል ሠራ። አየሩን በተቻለ ሁሉ አወጣው፤ በአየሩም ፈንታ በካቶዱ ላይ የቱንግስተን ክር አደረገ። ክሩ በልዩ ኤሌክትሪክ ሲግል ኤሌክትሮን ይሰጣል። አብዝቶ ሲግል ብዙ ይሰጣል፤ ጥቂት ሲግል ጥቂት ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹን የሚያስሮጠው ግፊት ግን ከሌላ ስፍራ ይመጣል።

እንግዲህ መዘውሩ ሁለት ሆነ። የክሩ ሙቀት ብዛትን ያዝዛል፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት ዘልቆ የመግባትን ኃይል ያዝዛል። በአንድ አምፑል አሁን እጅን፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወገብን ማንሣት ተቻለ። ትላንት የተሠራበት ቁጥር ዛሬም ያንኑ ሥዕል ይሰጣል። ቁጥሩ የታመነ ስለ ሆነ ሠራተኛው እጁን የሚያስገባበት ምክንያት ቀረ። በዛሬም መሣሪያዎች ላይ ግፊቱ በኪሎቮልት፥ ፍሰቱ በሚሊአምፔር ይታዘዛል።

፯፤ ወንፊትና ርቀት

ከአንድ አምፑል የሚወጣው ራጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለስላሳውና ጠንካራው ተቀላቅሎ ይወጣል። ለስላሳው ለሥዕሉ አይጠቅምም፤ በበሽተኛው ቆዳ ላይ ቀርቶ ይጎዳዋል እንጂ። ስለዚህ ስስ የአሉሚኒዩም ሰሌዳ በመንገዱ ይደረጋል። ይህ ሰሌዳ እንደ ወንፊት ሆኖ ለስላሳውን ያስቀራል፤ ጠንካራውን ያሳልፋል።

ርቀትም ብዛትን ይቀንሳል። ከአምፑሉ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሁለት ሜትር ቢርቅ፥ የሚደርስበት ራጅ ከአራት አንድ እጅ ይሆናል፤ ሦስት ሜትር ቢርቅ ከዘጠኝ አንድ እጅ ይሆናል። ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ግን በርቀት አይለወጥም። ስለዚህ ሠራተኛው ከመራቅ በቀር በእርሳስ በተለበጠ ግድግዳ ይከለላል።

፰፤ የትምህርቱ ፍሬ

የፊተኞቹ ሠራተኞች ሰነፎች አልነበሩም፤ ትጉሃንና ደፋሮች ነበሩ። የጎዳቸው መለኪያ ማጣት ነው። የማይታየውን ነገር በገዛ ሥጋቸው ለመለካት ተገደዱ። በኋላ የመጡት ግን የተቀላቀለውን ለይተው ለእያንዳንዱ መለኪያ ስላወጡለት፥ ያው ብርሃን በሥርዓት የሚታዘዝ የሐኪም ረዳት ሆነ። ማንኛውንም የማይታይና ብርቱ ነገር የሚይዝ ሰው፥ አስቀድሞ ምን ምን ተቀላቅሎበት እንዳለ ይለይ፤ ከዚያም በሰውነቱ ሳይሆን በመሣሪያ ይለካ።

ጥያቄዎች

1፤ የራጅ ብዛትና ዘልቆ የመግባት ኃይል በምን ይለያያሉ? ከወንጭፉ ሌላ ምሳሌ ስጡ።

2፤ የፊተኛው አምፑል ባረጀ ቁጥር ለምን ይጠነክራል? እንዴትስ ይለሰልሳል?

3፤ በቤኑዋ መለኪያ መካከል ብር የተደረገው ለምንድር ነው?

4፤ ኩሊጅ በአየሩ ፈንታ ምን አደረገ? ምንስ ጥቅም ተገኘ?

5፤ ከአምፑሉ አንድ ሜትር ርቆ የነበረ ሰው አራት ሜትር ቢርቅ፥ የሚደርስበት ራጅ ከስንት አንድ እጅ ይሆናል?