የሐኪም እጅ

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ግን በሐኪሞቹ ክፍል ይበዙ ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር?

ሐኪሙ ኢግናዝ ሴመልቫይስ ነገሩን መረመረ። ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። ስለዚህ በሜይ ወር ማንም ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እጁን ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በጁን የሞቱት 2 ያህል ብቻ ናቸው።

ሆኖም ብዙ ሐኪሞች እጃችሁ ይገድላል መባሉን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ሴመልቫይስም በ1865 ዓ.ም. ትምህርቱ ተቀባይነት ሳያገኝ ሞተ።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊትም ከነካው በኋላም እጁን እንዲያጸዳ ያሳስባል። ዳሩ ግን ደንብ በግድግዳ ላይ ስለ ተለጠፈ ብቻ በሽተኛ አይድንም። የታላቅን ስሕተት መናገር ነውር ነው ተብለን ላደግነው ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፤ ነርሷ «ዶክተር፥ እጅዎን አልታጠቡም» ለማለት ካልደፈረች፥ እርሱም ሳይቆጣ ካልታጠበ፥ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።