ፀሐይ የምታሰራጨው ሬዲዮ

ጥያቄ፦ እዚህ ጨንቻ ቀን ላይ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ስሰማ አንዳንዴ ጣቢያዎቹ በሙሉ ባንዴ ጭጭ ይላሉ። ፀሐይ ናት ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሳ ኤክስሬዩ በ8 ደቂቃ ይደርሰንና የላይኛውን ከባቢ አየር ይቀይረዋል፤ አጭሩ ሞገድ እዚያው ተውጦ ይቀራል። ማታ ይህ አይደርስብዎትም።

የሚደንቀው ግን ፀሐይ ራሷ ሬዲዮ ማሰራጨቷ ነው። ፍንዳታው አንዳንዴ በሴኮንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) ደመና ይወረውራል። ከፊቱ ያለው ፕላዝማ ገለል ለማለት ፋታ ስለማያገኝ ይታመቅና ሾክዌቭ ይፈጠራል። ሾክዌቩ ኤሌክትሮኖችን ያፈጥናል፤ እነሱ ፕላዝማውን ያርገበግቡታል፤ ሬዲዮው የሚወጣው ከዚህ ነው። ሾክዌቩ ወደ ውጭ በተጓዘ ቁጥር ፕላዝማው እየሳሳ ስለሚሄድ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። በመጋቢት 1947 (እ.ኤ.አ.) የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሩቢ ፔይን-ስኮትና ባልደረቦቿ አውስትራሊያ ውስጥ አንዱን ፍንዳታ መጀመሪያ በ200፣ ከደቂቃዎች በኋላ በ100፣ ቀጥሎ በ60 ሜጋኸርዝ ሰሙት። ዛሬም የሾክዌቩ ፍጥነት የሚሰላው ከዚሁ አወራረድ ነው። ደመናው ወደ እኛ ካመራ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል፤ የሬዲዮው ምልክት ቀድሞ ማስጠንቀቁ ትልቅ ነገር ነው።

ጣቢያዎቹ ሲጠፉብዎ 13 ሜትር ባንድን ይሞክሩ፤ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ቀድሞ ይመለሳል።