ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ እህል ለሚልኩ ነጋዴዎች

ኮምቦልቻ ያለው ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ በኩል የሚገባ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ቦታ ነው። ከባቲ ማሾ፣ ከወረኢሉ ጤፍና ምስር ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ በዚያ በር አያልፍም። ለእሱ ወደቡ ከተማዋ ራሷ ናት፦ መጋዘኖቿ፣ የመኪና ተራዋ፣ ሚዛኖቿ። የገጠሩ ምርት ከግመልና ከአህያ ጀርባ ወርዶ መኪና ላይ የሚወጣው እዚሁ ነው፤ ኪሎም ገንዘብም በብዛት የሚጎድለው በዚሁ ርክክብ ላይ ነው። መንገዱን ሾፌሩ ያውቀዋል። ርክክቡን ማወቅ ያለብዎ እርስዎ ነዎት።

1. የሚጭኑበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ

ከወረኢሉና ከአቀስታ ወገን የሚመጣ እህል ደሴ ይገባል፤ ከባቲና ከሀርቡ የሚመጣው ደግሞ ኮምቦልቻ። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚልክ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የደሴውን እህል ኮምቦልቻ መጋዘን ያራግፍና እንደገና ያስጭነዋል። የጫኝና አውራጅ ሂሳብ እጥፍ ይሆናል፣ ጆንያም ይቀደዳል። አብዛኛው እህል የደጋ ከሆነ ደሴ ላይ ጭነው ኮምቦልቻ ላይ ቀሪውን ይሙሉ። አብዛኛው የቆላ ከሆነ ደግሞ የደጋውን በትንሽ መኪና አስወርደው ከመኪና ወደ መኪና ያዛውሩት። ደሴ ላይ ሲጭኑ ግን የሐረጎን ቁልቁለት አይርሱ፤ ፍሬኑ ያልታየ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ እዚያ መውረድ የለበትም።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ማሾ ከዚያ የሚገዙ ከሆነ መኪናውን ለማክሰኞ ወይም ለረቡዕ ይቅጠሩ፤ ለሰኞ ማታ የተቀጠረ መኪና ቆሞ ያስከፍላል።

2. እርጥበቱን ሳያዩ ዋጋ አይቁረጡ

ብዙዎች የሚከስሩት እዚህ ነው፤ ሂሳቡም ቀላል ነው። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ 100 ኩንታል እህል ገዝተው፣ መጋዘን ውስጥ ደርቆ 12 በመቶ ቢደርስ የሚቀረው 95 ኩንታል ተኩል አይሞላም። ማንም አልሰረቀዎትም፤ ውኃ ነው የገዙት። እርጥቡን እንዳለ ከላኩት ደግሞ ሸራ ሥር ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ገዢውም ገና ሲያሸትተው ዋጋውን ይሰብራል።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት በጨው ይፈትኑ። ጨው ምጣድ ላይ አድርቀው ያቀዝቅዙ፤ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከአንድ እፍኝ እህል ጋር ጨምረው ደህና አድርገው ይነቅንቁት፤ ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው። ካልተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ነው ማለት ይቻላል። ለማሾ፣ ለስንዴና ለማሽላ ይሠራል። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ በጨው አያስተማምንም፤ በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት፣ መዳፍ ላይ ከቀረ ያስጡት። ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ አይዩ። ከመሐልና ከሥር በወስፌ ያውጡ።

3. ሚዛኑን ይፈትኑት

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይሙሉና መጋዘንዎ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ ያመለከተውን ይጻፉ። ያንኑ ጀሪካን ገዝተው በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ከሆነ በኩንታል ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ሊጎድልብዎ እንደሚችል ይወቁ። የባዶ ጆንያውንም ክብደት ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል ክርክሩን ይጨርሳል። በጣሳ ከሚሸጥ ገበያ ሲገዙ የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎች መዝነው ኪሎውን ይወቁ፤ ጣሳ ከገበያ ገበያ ይለያያል።

4. መልስ የሚሄድ መኪና ይፈልጉ

ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ ያራገፈ መኪና ባዶውን መመለስ አይፈልግም፤ ስለዚህ የመልስ ጭነት ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መኪና ይሻሙብዎታል። ለደላላ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ተራው ድረስ ወርደው ሁለት ሦስት ሾፌር ይጠይቁ።

ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ አያስጭኑ። ትርፍ አሥር ኩንታል በሚዛን ጣቢያ ከተያዘ ቅጣቱና የማራገፉ ጣጣ የሙሉውን ጭነት ትርፍ ይበላል።

5. ወረቀት

ገበሬ ደረሰኝ አይቆርጥም። ስለዚህ ከእሱ የገዙትን በግዥ ማረጋገጫ ሰነድ በዕለቱ ይመዝግቡ፤ አጠራቅሜ እሞላለሁ ያለ ነጋዴ በሂሳብ ምርመራ ጊዜ ወጪው ውድቅ ይሆንበታል። ለሾፌሩ የሚሰጠው የርክክብ ወረቀት የሰሌዳ ቁጥር፣ የጆንያ ብዛት፣ ጠቅላላ ኪሎ፣ የሾፌሩ ፊርማና ስልክ ይኑረው። አንዱ ቅጂ ከእርስዎ ጋር ይቅር።

የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ወር፣ የግዥ ጥድፊያ ነው። በክረምቱ ያድሱት።

6. መንገዱ

ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሚሴና ሸዋሮቢት ሞቃት ናቸው፤ ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር ድረስ ዳገቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጉም ይለብሳል። በሙቀቱ የላበ እህል ብርዱ ውስጥ ሲገባ ሸራው በውስጥ በኩል ይረጥባል። ከሸራው ሥር ደረቅ ሰሌን ወይም ባዶ ጆንያ ያስነጥፉ። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስላለ መኪናው ከመነሳቱ በፊት በዚያው ጠዋት ከወዲያ የመጣ ሾፌር ይጠይቁ።

7. አዲስ አበባ ሲደርስ

ከተማው ከባድ መኪና ቀን እንዳይገባ የሰዓት ገደብ ስላለው መድረሻውን ለማታ ያስቡ። ከእህል በረንዳው ገዢ ጋር ሦስት ነገር ሳይጭኑ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፦ በማን ሚዛን እንደሚመዘን፣ የማውረጃውን ማን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ። ወኪልዎ ሲራገፍ ቆሞ ጆንያ ይቁጠር። ሂሳቡ በባንክ መግባቱን እርስዎ ከራስዎ ሂሳብ ይመልከቱ፤ በስልክ የሚላክ የደረሰኝ ፎቶ ክፍያ አይደለም። ገንዘቡ እስኪታይ ድረስ የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች መኪናው ላይ ይቆዩ፤ ለሾፌሩም ይህን ሲነሳ ይንገሩት።