የአባት ቮልስ

ጋሼ በአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም አቃቂ በሰቃ ውስጥ ብረት ነክ ነገር የቸገረው ሁሉ የሚያማክራቸው አዛውንት ናቸው። ጠያቂዋ የሟች ጎረቤታቸው ልጅ ናት። አባቷ ትተዋት የሄዱት በፈረንጅ 1969 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 እሷ እጅ ላይ ቀርታለች። አሮጌ መኪና በቤቱ ያለ ሁሉ ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ የተባባሉትን እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ቮልሷ ትሸጥ ይላል። እማዬ ቆማም ቢሆን ግቢ ውስጥ ዓይኔ ይያት ትላለች። እኔ ደግሞ እየነዳኋት ነው፤ ግን ታስፈራኛለች። በቀደም ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ሽቅብ ስወጣ መሃል መንገድ ላይ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ ተሳቢ ነበረ፤ ክላክሱን ሲለቅብኝ እጄ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ጋሼ፦ እንኳን ተረፍሽ። ከዚያስ?

ጠያቂዋ፦ ልጆች ገፍተው ዳር አስያዙልኝ። ጥቂት ቆይቼ ባስነሣት ምንም እንዳልሆነች ተነሣች። ለምን እንደጠፋች አላወቅኩም፤ ለምን እንደተነሣችም አላወቅኩም።

ጋሼ፦ እኔን ያስፈራኝ መጥፋቷ ሳይሆን ይኸ አለማወቅሽ ነው። ስሚኝ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፣ ውሃ አያውቅም። የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተንፏቀቅሽ ሽቅብ ስትወጪ ሞተሩ ይግላል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ በፓምፑና በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ይተንናል። ፓምፑ ፈሳሽ እንዲገፋ እንጂ እንፋሎት እንዲገፋ አልተሠራም፤ ካርቡራተሩ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ቤንዚን ይሆናል። የተነሣችልሽ ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ፦ አባዬ ከወንበሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ ውሃና ቡትቶ ጨርቅ ይይዝ ነበር።

ጋሼ፦ ለዚሁ ነበራ! ጨርቁን ነክሮ ፓምፑ ላይ ጣል ያደርግና ሲቀዘቅዝ መንገዱን ይቀጥላል። ደግሞ ያለንበትን ከፍታ አትርሺ። እዚህ ታች አቃቂ እንኳ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ወደ መሃል ከተማ ስትሄጂ ይብሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ቶሎ ይተንናል። ያው ስስ አየር የሞተሩንም ጉልበት ይወስዳል። የአንቺዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ አገር ግን አንድ አምስተኛውን ያህል ታጣለች። ስለዚህ አዲስ መኪና በሚሮጥበት ሽቅብ አታሩጫት። ማርሽ ቀንሺ፤ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቅ ብለሽ ሳትቆሚ ሂጂ።

ጠያቂዋ፦ መካኒክ ጋ ስወስዳት ግን እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፤ ሌላው ፑንቲና፤ ሌላው ካርቡራተሩ ይቀየር ይላል። ገንዘቤን ጨረስኩ።

ጋሼ፦ መካኒክ የሚነሣው አንቺ ከነገርሽው ነው። «ትጠፋለች» ብለሽ ብቻ ከሄድሽ የፈለገውን ይፈታል። በሙቀት ነው በብርድ? ሽቅብ ነው ሜዳ ላይ? እየተንገጫገጨች ቀስ በቀስ ነው የጠፋችው፣ ወይስ በአንዴ ድርግም አለች? እየተንገጫገጨች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ቤንዚን ነው። በአንዴ ድርግም ካለች ኤሌክትሪክ ነው። ይህችን ብቻ ለይተሽ ብትነግሪው ግማሹን ሥራ ሠራሽለት። ደብተር ግዢ፤ የጠፋችበትን ቦታና ሁኔታ፣ ዘይት የተለወጠበትን ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረውን ዕቃ ሁሉ ጻፊ። ዕቃ ሲቀየር አሮጌውን ተቀብለሽ ተመልከቺ፤ ምኑ ላይ እንደተበላ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ደግ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ጠያቂዋ፦ እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህን ሁሉ ለምን ብዬ እሸከማለሁ? ታክሲ አለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲ ድረስ ባቡር አለ። በስልክ የሚጠራውም መኪና ደጅ ድረስ ይመጣል።

ጋሼ፦ ለመድረስ ብቻ ከሆነ አታስፈልግሽም፤ ልክ ነሽ። ግን ወንድምሽ ትሸጥ ያላት ምን እንደሆነች ልንገርሽ። አባትሽ ሲገዛት በዚህ ሰፈር መኪና ያለው በጣት የሚቆጠር ሰው ነበር። ሌሊት በር ሲንኳኳ አባትሽ «ማነው?» ከማለቱ በፊት ቁልፉን ያነሣ ነበር። ምጥ የያዛት፣ ልጁ የታመመበት፣ ፋብሪካ ውስጥ እጁን ማሽን የያዘው ሁሉ በእሷ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው። ያ ወንድምሽ ራሱ እናትሽን ምጥ ይዟት በቮልሷ ተወስዳ ነው የተወለደው። የዕድሩ ድንኳን በፖርቶመጋላዋ ላይ ይታሰራል፤ ለፋሲካ የሦስት ቤት በግ በአንድ ጊዜ ከገበያ ታመጣለች። በክረምት መረሬው ጭቃ ሲይዛት ደግሞ ማንም ሳይጠራ ሰፈሩ ወጥቶ ይገፋል። አንዳንዱ የሚገፋው ትናንት የተሳፈረባትን ነው፣ አንዳንዱ ነገ የሚሳፈርባትን።

ጠያቂዋ፦ እማዬ ዓይኔ ይያት የምትለው ይህን ይሆን?

ጋሼ፦ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ የሚተኛው ብረት ስለሚወድ ብቻ አልነበረም። ሰው አምኖት ሌሊት ስለሚሳፈር ነው። ፍቅሩ ይኸ ነበር፦ ዘይቷን ማየት፣ ፍሬኗን መፈተሽ፣ ድምፅዋ ሲለወጥ መስማት። ፎቶ ተነሥቶባት የሚሄድ ሁሉ ወደዳት አይባልም።

ጠያቂዋ፦ እኔ ደግሞ ልጆቹ «ጃንሆይን የወሰደች መኪና» እያሉ ይስቁብኛል።

ጋሼ፦ እውነት ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ታሪክ ነውና አይካድም። ቮልስ ግን የዚያች ቀን ብቻ አይደለችም፤ የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ መኪና ነበረች። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው ከፋብሪካ የወጣችው። ዕቃዋ እስከ ዛሬ የሚገኘውም ይህን ያህል ስለተሠራች ነው። ሶማሌ ተራ ሂጂ፤ ከተፈታች አሮጌ ቮልስ የወጣም፣ አዲስም ታገኛለሽ። ግን አሮጌ የፍሬን ዕቃና አሮጌ የጎማ ቱቦ በፍጹም እንዳትገዢ።

ጠያቂዋ፦ ለምን እነዚህን ለይተው?

ጋሼ፦ ሰው የሚገድሉት እነሱ ናቸዋ። አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፤ ዋናው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ መኪና ሁለት ዓይነት ጥፋት አላት። አንዱ መንገድ ላይ ታቆምሻለች፤ ታፍሪያለሽ፣ ትዘገያለሽ፣ በቃ። ሌላው ይገድልሻል። ሰዉ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ነው፤ እኔ የምጨነቀው በሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ የቤንዚን ቱቦ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል። ከሥሩ ያለው የጋለ ሞተር ነው። ብዙ ቮልስ በዓለም ላይ የተቃጠለው በዚህች ጭብጥ በማትሞላ ቱቦ ምክንያት ነው። ቤንዚን ከሸተተሽ አታስነሺያት።

ቀጥሎ ባትሪው። ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳን ከሌለው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ ወንበሩ ይነድዳል። ዛሬ ቤት ስትገቢ አንሥተሽ እዪው።

ጠያቂዋ፦ እማዬ የምትቀመጠው እዚያው ላይ ነው!

ጋሼ፦ እንግዲያው ዛሬውኑ። ከዚያ ፍሬን። ሞተሩን አጥፍተሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ያዢው። ቀስ እያለ ከእግርሽ ሥር ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ፖምፓው እያፈሰሰ ነው፤ ከግቢ እንዳትወጪ። ሸራው ማለቅ አለማለቁን አስፈትሺ። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስለውጪ፤ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላል፣ ፍሬኑ ይከዳሻል። ክረምት ላይ ውሃ የተኛበት መንገድ ካቋረጥሽ ደግሞ የከበሮ ፍሬን ውሃ ይገባዋልና ወዲያው አይዝም። ከውሃው እንደወጣሽ ቀስ እያልሽ ረገጥ ረገጥ አድርጊው፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። በዚህ በእኛ መንገድ ላይ ከጅቡቲ የሚመጣ ብዙ ጭነት ያልፋል፤ ተሳቢ ኋላሽ ሆኖ ፍሬን ሳይዝልሽ መገኘት የለብሽም።

ጠያቂዋ፦ አንዲት ቀይ መብራትስ? አንዳንዴ ትበራለች። የባትሪ ናት ብለውኝ ዝም ብዬ እነዳለሁ።

ጋሼ፦ ያቺ መብራት ስትበራ ወዲያው ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊ። ዲናሞውን የሚያዞረው ፋን ቤልት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ያዞራል። ቤልቱ ከተበጠሰ ባትሪው አለመሞላቱ ትንሹ ጣጣ ነው፤ ሞተሩ ያለ አየር ይቀራል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነክሳል። ሌላ መኪና ላይ መብራቷ ባትሪ ናት፤ ቮልስ ላይ የሞተሩ ነፍስ ናት። መለዋወጫ ቤልት፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ካቻቢቴ ከመኪናው አይለዩ። አቀያየሩን መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ተለማመጂ፤ እኔ አሳይሻለሁ።

ዘይቷንም አትርሺ። የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ ይላል፤ ለዚህ አቧራ ግን ቀደም አድርጊው።

ጠያቂዋ፦ ቦሎው ደርሷል። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ከሰው ተውሼ ልሂድ ብል አንድ ጎረቤት ሊሰጠኝ ነበር።

ጋሼ፦ አይሆንም፤ ምርመራው ለአንቺ ነው የተሠራው። ተውሰሽ ብታልፊ በማግሥቱ የምትነጂው በራስሽ ያለቀ ጎማ ነው። እንዳለች ውሰጃት፤ ወድቃ ትመለስ፣ የወደቀችበትን አሠሪ። የወደቀ መኪና የሚያሳፍር አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ ግን ሽጠን በኤሌክትሪክ የሚሄድ እንግዛ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ይህችም ትከለከላለች ብሎ ያስፈራኛል።

ጋሼ፦ የተከለከለው ማስገባት ነው፤ ያለው እየሄደ ነው። ኤሌክትሪኩን እኔ አልቃወምም። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ መብራቱ ከገዛ ወንዛችን የሚመጣ ነው። አቅም ካላችሁ ለየቀኑ ሥራ ያን ግዙ። ግን ቮልሷን ሸጣችሁ የምታገኙት ለአዲሱ ቅድመ ክፍያ እንኳ ላይበቃ ይችላል፤ አስሉት። በስሜት አትወስኑ፤ በስሜት የሚያስቀምጥም በስሜት የሚሸጥም ያው ነው።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ እንዴት ልወስን?

ጋሼ፦ ምንጣፏን አንሺና ወለሏን እዪ። መረሬ ጭቃ ከሥር ተለጥፎ ውሃ ይዞ ይከርማል፤ ብረቱን ይበላል። አካሏን ከሻንሲው ጋር የያዙት ቦታዎች በዝገት ካልተበሉ፣ ሌላው ሁሉ ይሠራል። ላሜራው ጥሩ ከሆነ ሞተር ይታደሳል፤ ላሜራው ካለቀ ሞተር ብታድሺ ገንዘብሽን ነው የምትቀብሪው። ሁለተኛ፣ በወር በወር ለእሷ ጥቂት ብር ለይተሽ ማስቀመጥ ትችዪ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። በተበላሸች ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ብር ሁልጊዜ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ጊዜ አለሽ ወይ? መኪናዋ ከገንዘብሽ ይልቅ ቅዳሜሽን ነው የምትፈልገው።

ጠያቂዋ፦ ጊዜውን እሰጣታለሁ። ገንዘቡን ከወንድሜ ጋር እነጋገራለሁ።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ አትሽጫት። መጀመሪያ ግን የቤንዚን ቱቦውን፣ የባትሪውን ክዳን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን በዚህ ቅደም ተከተል አሠሪ። ቀለሟና ወንበሯ ይቆዩ። እነዚህ አራቱ ሳያልቁ እናትሽን አሳፍረሽ ከዚህ ሰፈር እንዳትወጪ። ለእነዚህ ለአራቱ የሚሆን ገንዘብ በዚህ ዓመት የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ወንድምሽ ልክ ነው፤ ለሚችል ሰው ሽጧት።